አሮጌ ቤላሩስ ትራክተር ገዛን፤ ማረሻ ሳንሰካ ምኑን እንክፈት?

የቆቦው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ወንድማማቾች ነን፣ ቆቦ። በሬዎቹንና ባጃጁን ሸጠን፣ እቁብ ጨምረን ባለፈው ሳምንት ትራክተር ገዛን። ቤላሩስ ነው፣ ኤምቲዜድ 80። አርሲ በኩል ስንዴ ሲያርስ የኖረ ነው። በሎቤድ አስጭነን አመጣነው። እማዬ ቡና አፍልታ፣ ዱዓ አስደርጋ ፈንዲሻ በተነችበት። ፈንዲሻው አሁንም ራዲያተሩ ላይ ተሰክቶ አለ።

ሻጩ «ዘይቱን አሁን ነው የቀየርኩት፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እረሱ» ብሎናል። ልንገዛ ስናየው እውነትም ቢጫ ነበር። ከሎቤዱ ወርዶ ቤት እስኪደርስ ግን ጠቆረ። ሞተሩ ጎን ያሉትን ቡሎኖች ሳይ ደግሞ የደረቀ ጭቃ ለብሰዋል፣ መፍቻ የነካቸው አይመስልም። የዘይት ፊልትሮ ልገዛ ወልድያ ብሄድ ባለሱቁ «ይሄ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የለውም» ብሎ መለሰኝ። እያሾፈብኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው?

ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ አለው፣ ሲሞቅ ይጠራል። የዘይት ግፊቱ ሲሞቅ 2 ላይ ይቆማል። የሰዓት መቁጠሪያው ሞቷል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

መሬታችን ዋልካ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሙጫ። ክረምቱ ከገባ ትራክተርም አያስገባም። ለማሽላው ቢበዛ ሦስት ሳምንት አለን። ታናሽ ወንድሜ «ነገ እንጀምር» ይላል። ታላቃችን አያ ደግሞ «ሞተሩ ይፈታ» ይላል። በሬዎቹ እንግዲህ የሉም። እናንተ ብትሆኑ ምኑን ትከፍታላችሁ?

ጋሽ መፍቻ (ኮምቦልቻ)፦
እንኳን ደስ አላችሁ፣ ያርስላችሁ። አብሽር፣ ባለሱቁ አልቀለደብህም። ቤላሩስ ስፈታ ነው የሸበትኩት። የዚህ ሞተር ዘይት እንደሌላው በወረቀት ፊልትሮ አይደለም የሚጣራው። ሞተሩ ጎን ላይ ትንሽ ድስት የሚመስል ክዳን ታያለህ። ውስጡ ሮተር፣ ማለት የሚሽከረከር ቋት አለ። የዘይቱ ግፊት ራሱ በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ሲሽከረከር ቆሻሻው ወደ ዳር ይወረወርና ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ የሚገዛ ነገር የለውም፣ ተከፍቶ የሚታጠብ እንጂ። «ፊልትሮ የለውም» የሚለውን ብቻ ሰምተው ዘይት ቀይረው የሚሸኙ ስንቱን አይቻለሁ።

ሳትከፍተው የምታውቅበት ዘዴ አለ። ሞተሩን በደንብ አሙቀውና አጥፋው። ከዚያ ጆሮህን ጠጋ አድርግ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ደቂቃ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መስማት አለብህ። ዝም ካለህ ሮተሩ ታፍኗል።

የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው። በአንድ ቀን መጥቆሩ ግን የድሮውን ቆሻሻ እያጠበ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ደግመህ ቀይረው። ሞቅ እንዳለ አውርደው፣ 15 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሮተሩን በእንጨት ፋቀውና በናፍጣ እጠበው። በካቻቢቴ አትቧጭረው። ሮተሩና ክዳኑ ላይ ምልክት አለ፤ ስትገጥመው ምልክቶቹ ፊት ለፊት ይሁኑ፣ አለዚያ ሚዛኑን ይስታል። ከዚያ በየ250 ሰዓቱ። መቁጠሪያህ ስለሞተ ደብተር ያዝ።

አያን ከእኔ ጋር አታጣላኝ እንጂ ሞተሩን አታስፈቱ። ግፊቱ ከያዘ፣ ጭሱም ሲሞቅ ከጠራ፣ ሳይታመም ሆዱን አትቅደዱት። የራዲያተሩ ውሃ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ግን ያን ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ማሲ ይሻላል፦
ማሲ ፈርጉሰን ብትገዙ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ፊልትሮውን ጠምዝዘህ ታወጣለህ፣ አዲስ ትገጥማለህ፣ በቃ።

ጋሽ መፍቻ (ኮምቦልቻ)፦
የማሲ ሃይድሮሊክ ዘይት ውሃ ገብቶበት ወተት መስሎ ስንቴ እንደመጣልኝ ብነግርህ! የማይታመም ብረት የለም ልጄ።

የጨፋው ሾፌር፦
ጋሼ ዋናውን ብለውታል። እኔ ጨፋ ላይ ነው የማርሰው። የአየር ፊልትሮውን ሳታይ እንዳትነሳ። እሱም ወረቀት አይደለም፣ ከታች ዘይት የያዘ ሳህን አለው። አቧራ ባለበት ስታርስ በየሁለት ቀኑ ክፈተው። ዘይቱ ገንፎ ከመሰለ ድፋውና ሳህኑን እጠበው። ስትሞላው ምልክቱን እንዳታሳልፍ፣ ሞተሩ ይስበዋል።

ናፍጣ ማታ ነው የሚሞላው። ጎዶሎ ሰርባትዮ (የናፍጣ ታንከር) ሌሊት ውስጡን ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ውሃ ነው። ለራዲያተር የጉድጓድ ውሃ ተዉት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ሌላው፣ ከኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ፓምፕ ስታስሩ ሽርጥ ለብሳችሁ አትጠጉ። ሱሪ! ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም።

የቆቦው፦
ጋሼ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥዎት። ትናንት ሠራነው።

ግማሽ ሰዓት አሙቀን አጠፋነው። ሦስታችንም ጆሯችንን ደቅነን ቆምን። ምንም የለም። የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ከፈትነው። ወላሂ ሬንጅ ነው የሚመስለው! ጥቁር፣ ድርቅ ያለ፣ ጥፍር ሲጫኑት የሚሰምጥ። ውፍረቱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ታናሽ ወንድሜ በዋንዛ ቅርፊት እየፋቀ አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሞላ። «ነገ እንጀምር» ያለው እሱ ስለሆነ ፍቂያውን ለእሱ ተውነው። ሻጩም እንግዲህ አልዋሸም፣ ዘይቱን ቀይሯል። ይቺን ነው ያልነካት።

የአየር ፊልትሮው ሳህን ውስጥ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረም። ደረቅ አፈር ነው። አያ ዝም ብሎ አየኝ። ራዲያተሩን ስናጥብ የእማዬ ፈንዲሻ ወጣ። እንዳታይ ደብቄ ለዶሮዎቹ ሰጠሁ።

ሁሉን ገጥመን፣ አሙቀን አጠፋነው። ዝዝዝዝ አለ። አያ በስልኩ ሰዓት ያዘበት፣ 41 ሰከንድ። ዛሬ ጠዋት አርሰን ገባን። ደብተሩ ላይ «የሠራው፦ 5 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ደግሞ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ)። ጠዋት ጠዋት ማርሽ ሳስገባ ይንቋቋል፣ ሲሞቅ ይተዋል። ይሄንንስ ልክፈተው ወይስ ልተወው?