ገመድ አልባ ኢንተርኮሙ ሕዝብ ሲገባ ይቆራረጣል፤ አንቴናውን የት ላድርገው?

ካሜራ ሦስት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀጥታ ስርጭት ክፍል አገለግላለሁ። አዳራሹ ርዝመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መድረኩ ላይ ትልቅ ኤልኢዲ ስክሪን አለ። የኢንተርኮሙ (በሥራ ላይ በሄድሴት የምንነጋገርበት ዕቃ) ቤዝ፣ ማለትም አንቴና ያለው ዋናው ሣጥን፣ ከኋላ፣ የድምፅ ሚክሰሩ ጋ፣ ብረት ራክ (የዕቃ መደርደሪያ) ውስጥ ተቀምጧል። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሁሉም ሄድሴት ጥርት ብሎ ይሰማል። እሑድ ግን መድረክ አካባቢ ያሉት ካሜራ ማኖች ይቆራረጥባቸዋል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ተጨማሪ አንቴና ልግዛ?

ባለ ሚክሰሩ፦
ገንዘብህን ያዝ ወንድሜ። መጀመሪያ ቤዙን ከራኩ አውጣው፤ ብረት ውስጥ ተዘግቶ ምን እንዲሠራ ትፈልጋለህ? ቅዳሜና እሑድ የሚለያዩት በሰው ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በ1.9ም ሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሄድን ሞገድ ይውጠዋል። ባዶ ወንበር ላይ ተንሳፍፎ መድረክ የሚደርሰው ሲግናል፣ ሕዝቡ ለዝማሬ ሲነሳ ግድግዳ ይገጥመዋል። ስለዚህ ወደ መድረኩ በሚጠጋው የጎን ግድግዳ ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍ አድርገህ ስቀለው። ቆርቆሮው ሥር ግን አትለጥፈው፤ ከብረት የሚመለሰው ሞገድ ከዋናው ጋር ይጣላል።

ትራስ ላይ፦
በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። እንደ ዱላ የቆመ አንቴና ሲግናሉን የሚበትነው ወደ ጎን ነው፤ ከጫፉ በላይና ከሥሩ ደካማ ነው። ካሜራ ማኑ አናት ላይ ቀጥ አድርጎ መስቀል አያዋጣም።

ካሜራ ሦስት፦
ቤዙን እዚያው ትቼ አንቴናውን ብቻ በኬብል ብስበውስ?

ባለ ሚክሰሩ፦
በቀጭኑ አርጂ 58 ከሆነ ተወው። በ1.9 ጊጋኸርዝ 20 ሜትር ላይ ከ10 ዴሲቤል በላይ ይበላል፣ ማለትም አንድ አሥረኛው ጉልበት እንኳ አይደርስም። ወፍራሙ ኤልኤምአር 400 ሳይቀር 4 ዴሲቤል ገደማ ይወስድብሃል። ቤዙ ራሱ ይሂድና ወደ ሚክሰሩ የድምፅ መስመር ዘርጋለት፤ ድምፅ በዚህ ርቀት አይጎዳም።

ከጀርመን፦
ይቅርታ፣ ማንም አልጠየቀህም፦ ዕቃው ከየት ተገዛ?

ካሜራ ሦስት፦
ወንድሜ ከሜሪላንድ ነው የላከልን። ጀርባው ላይ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ይላል።

ከጀርመን፦
ጠርጥሬ ነበር። ይህ የአሜሪካ ዴክት (የገመድ አልባ ስልኮችና ኢንተርኮሞች የሬዲዮ ስልት) ነው። እዚህ አውሮፓ ዴክት የሚሠራው ከ1880 እስከ 1900 ላይ ነው። ከ1920 እስከ 1980 ያለው ደግሞ በ3ጂ ኔትወርክ ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት መስመር ነው፣ ኢትዮጵያም ውስጥ እንዲሁ። አዳራሹ በስልክ ሲሞላ ሄድሴቶቹ ከስልኮቹ ጋር ይጋፋሉ ማለት ነው። እናንተም በተራችሁ የማማውን መቀበያ ትረብሻላችሁ። ይህን አንቴና ማዛወር አይፈታውም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ ስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገዶችን ድልድል) የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሳትጠይቁ ሌላ ዕቃ እንዳትገዙ።

ካሜራ ሦስት፦
ይህን አላሰብነውም ነበር። ሌላ ዕቃ ስናመጣስ ቦታውን በምን እንፈትን?

ትራስ ላይ፦
የአዳራሹን ንድፍ ወረቀት ላይ አውጡ። አንዱ ሄድሴት አድርጎ ቁጥር እየጠራ ይዙር፤ ሚክሰሩ ጋ ያለው የተቆረጠበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ሕዝብ ባለበት ሰዓት ይሁን፣ የባዶ አዳራሽ ፈተና እንዳየኸው ያታልላል። ቤልትፓኩን (ሄድሴቱ የሚሰካበትን የወገብ ሣጥን) ወገብ ላይ ከኋላ ማሰርም ራሱን የቻለ ችግር ነው፣ የራሱ የሰውየው አካል ሲግናሉን ይጋርደዋል፤ ፊቱን ወደ መድረኩ ላዞረ ሰው አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን አስራችሁ ሞክሩት።

ካሜራ ሦስት፦
ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ልጅስ?

ባለ ሚክሰሩ፦
ከቦታው የማይነሳ ሰው ሽቦ አልባ ምን ያደርግለታል? የስክሪኑ ብረት ከፊቱ ቆሞ ሳለ ለእሱ ብቻ ሁለተኛ አንቴና ከመግዛት ባለ ገመድ ቤልትፓክ ስጡት። ገመዱን ግን ከስክሪኑ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን አታስኪዱት። መሻገር ካለበት መስቀለኛ ሆኖ አቋርጦት ይለፍ፣ አለዚያ ሄድሴቱ ውስጥ ሲያጉረመርም ይውላል።