ሎፎተን ላይ ከአስጎብኚ ጋር የእግር ጉዞ፦ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። በሐምሌ መጀመሪያ ሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ደሴቶች ላይ ለ5 ቀን ተራራ እንወጣለን። ልብስና ጫማ ላይ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጥጥ የሚባል አትልበስ፤ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትህን ይወስዳል። ከውስጥ ሱፍ፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። በጋ ቢሆንም ጓንትና ኮፍያ አይቅር። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፤ አዲስ ከሆነ ቀድመህ ተለማመድበት፣ አለዚያ በ2ኛው ቀን እግርህ ውኃ ይቋጥራል።

መልስ፦ ሬይነብሪንገን የሚባለው የሎፎተን ተራራ 448 ሜትር ብቻ ነው ብለህ አትናቀው፤ ከባሕር ዳር ጀምሮ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ሸርፓ የሚባሉት የኔፓል ተራራማ አካባቢ ሰዎች የሠሩት የድንጋይ ደረጃ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። ለጉልበትህ ምርኩዝ ያዝ። አስጎብኚው በነፋስ ምክንያት ወደ ፊዮርዱ (በተራሮች መሃል ወደ የብስ የገባው ጠባብ ባሕር) ዳር መንገድ ከቀየረው እባክህ አትከራከር።

መልስ፦ ለእንቅልፍ የዓይን መሸፈኛም ጨምር፤ እስከ ሐምሌ 7 አካባቢ ፀሐይ አትጠልቅም።