ቨርጂኒያ እያደሩ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ መሥራት፦ ቼኩ በየትኛው ሚኒመም (ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ) ይሰላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ለአንድ አሠሪ ሁለት ቦታ ይሠራል። በሳምንት 28 ሰዓት ዲሲ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ፣ 20 ሰዓት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳቦ ቤት። እያንዳንዱ ቤት 15 ሰው ገደማ ያሠራል። ቼኩ ላይ 48ቱም ሰዓት በ15 ዶላር ተባዝቶ 720 ይመጣል፤ ኦቨርታይም የሚባል የለም። «የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ የዚያ ሚኒመም ከዚህም ያንሳል» ተብሏል። እውነት ነው?

መልስ፦
ኧረ አይደለም ወንድሜ። ሕጉ የሚያየው የሚሠራበትን እንጂ የሚያድርበትን አይደለም። የቨርጂኒያው የ2026 ሚኒመም 12.77 እዚህ ነገር ውስጥ አይገባም።

ዲሲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ሚኒመሙ 17.95 ነው፤ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይከለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ የሜሪላንዱ 15 አይበቃም። ካውንቲው በሠራተኛ ብዛት ይለያያል፤ በዚሁ ዓመት እስከ 10 ሰው 15.50፣ ከ11 እስከ 50 ሰው 16፣ ከዚያ በላይ 17.65።

አሠሪው አንድ ከሆነ የሁለቱ ቦታ ሰዓት ይደመራል፣ ከ40 ያለፈው 8 ሰዓት ኦቨርታይም ነው። እንዲህ አስሉት፦ 28 በ17.95 = 502.60። 20 በ16 = 320። ድምሩ 822.60፣ ለ48 ሲካፈል 17.14 ገደማ። ኦቨርታይም አንድ ተኩል ነው፤ አንዱ ድምሩ ውስጥ ስለገባ የሚቀረው ግማሹ ነው። የ17.14ቱ ግማሽ በ8 ሲባዛ 68.55 ይሆናል። ጠቅላላ 891.15። ስለዚህ በየሳምንቱ 171.15 ይጎድለዋል። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ባለቤት ቢኖራቸው ግን ሰዓቱ አይደመርም።

ሌላ የተለመደ ጨዋታ አለ፦ ቼክ በሁለት ሳምንት ስለሚወጣ አንዱን ሳምንት 50፣ ሌላውን 30 አሠርቶ «80 ነው፣ ኦቨርታይም የለም» ማለት። እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ነው የሚቆጠረው፤ የ10 ሰዓቱ ኦቨርታይም አይጠፋም።

መልስ፦
አስተናጋጅ ለሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች ልጨምር። በዚሁ ጊዜ ዲሲ ላይ የቲፕ ሠራተኛ መነሻ 10 ዶላር ነው። በ2022 ሕዝቡ ይህ ዝቅተኛ መነሻ ቀስ በቀስ እንዲቀር ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ ምክር ቤቱ በ2025 ገታው። ቲፕ ተጨምሮ 17.95 ካልሞላ ልዩነቱን አሠሪው ይሞላል። ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት ኦቨርታይሙ ላይ ነው፤ 10ን በአንድ ተኩል አባዝተው 15 ይከፍላሉ። ትክክለኛው 17.95ን በአንድ ተኩል ማባዛትና 7.95 (የ17.95ና የ10 ልዩነት) መቀነስ ነው፤ 18.98 ይመጣል።

መልስ፦
ሒሳቡ ያለ ማስረጃ ዋጋ የለውም። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፍ፤ የሺፍት ቴክስቶች አይጥፉ፤ የቼኩ ስታብ በሙሉ ይቀመጥ። በፌዴራል ሕግ ወደኋላ የሚጠየቀው 2 ዓመት ነው፣ ሆን ተብሎ ከሆነ 3። በየሳምንቱ ሲዘገይ የጥንቱ ሳምንት እየወደቀ ይሄዳል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰውም ለሠራበት ሰዓት ሚኒመምና ኦቨርታይም ይገባዋል። የዲሲ መንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ ያስተረጉማሉ፣ ስለዚህ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለአስተርጓሚነት መውሰድ አያስፈልግም።

የደመወዝ ጭማሪው ሲመጣ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ ሰዓት፦ 40 ሰዓት በ15 ዶላር 600 ነው፤ በ17.95 ሆኖ ሰዓቱ ወደ 33 ከወረደ 592.35፣ ማለትም ኪሱ ምንም አልተጨመረለትም። የሰዓት ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። ሁለተኛ፣ የቤት ቫውቸር (የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ) ያለው ሰው ጭማሪውን ለሰጠው ቢሮ ያሳውቅ። ኪራዩ ከገቢው 30 ከመቶ ገደማ ስለሚሰላ በወር 100 ሲጨመር 30 ያህሉ ወደ ኪራይ ይሄዳል። ካላሳወቀ ግን በኋላ የተጠራቀመውን ክፈል ሊባል ይችላል።