«ሲሙሌሽን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂዋ፣ ከፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል አስጨንቆኝ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ ታናሽ ወንድሜ «የምንኖረው እኮ ሲሙሌሽን ውስጥ ሊሆን ይችላል» አለ። አክስቴ «ምን ውስጥ?» ብላ ዞረች። እኔ ቸኩዬ «ዓለም አስመሳይ ናት ማለቱ ነው» አልኳት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ እያስቀመጠች «እሱንማ ማን ያጣዋል ልጄ!» አለችና ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

ነገሩ ከነከነኝ። አክስቴ የሰማችው ስለ ሰው ባሕርይ ነው። ወንድሜ ያነሣው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ የምንኖርበት ዓለም በኮምፒውተር የተሠራ ቢሆንስ ነው ያለው። ምን ብዬ ብነግራት ነበር የሚገባት?

ከአራት ኪሎ፦

እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። «አስመሳይ» በዘሩ ሲታይ ምንም አይልም፤ የሚያስመስል ማለት ነው። ጆሯችን ግን ግብዝን ብቻ ነው የሚሰማው። «መስሎ አዳሪ»ም፣ «ሰው መሳይ በሸንጎ»ም እንዲሁ ወቀሳ ናቸው።

የ«መሰለ» ዘር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል፣ ተምሳሌት አሉ። «ምስለኔ»ም አለ። በድሮው አስተዳደር ምስለኔ የገዢው ወኪል ነበር፤ ቃሉ ሲፈታ «እኔን መሳይ» እንደ ማለት ነው። ሹመት እንጂ ስድብ አልነበረም።

እኔን የሚደንቀኝ ግን «መሰለኝ» ነው። ስንት ጊዜ በቀን እንደምንለው አስቢ። «ሊዘንብ ነው መሰለኝ።» «የመጣ መሰለኝ።» አማርኛ ሐሳብ የሚሰጠው በመምሰል ግስ ነው። ዓለም ለእኔ የታየችበትን መልክ ነገርኩህ፣ የሆነችውን ግን አላውቅም እንደ ማለት። ስለዚህ የወንድምሽ ጥያቄ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

ስለ ክርክሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቃል ከመምረጣችን በፊት ምን እንደተባለ ማወቅ አለብን። ስዊድናዊው ፈላስፋ ኒክ ቦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ «በኮምፒውተር ውስጥ ነው የምንኖረው» አላለም። ያለው ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ እውነት ነው ነው። አንደኛ፣ እንደ እኛ ያለ ሥልጣኔ እጅግ የረቀቀ ደረጃ ሳይደርስ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ቢደርስም የቀደሙ ሰዎችን ሕይወት በኮምፒውተር መልሶ መሥራት አይፈልግም። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ካልሆኑ እኛ ራሳችን ከተሠሩት መካከል መሆናችን በጣም የቀረበ ነው። ምክንያቱ የቁጥር ነው። የተሠሩት ሕይወቶች ብዙ፣ የመጀመሪያው አንድ ከሆነ፣ «እኔ ያለሁት በመጀመሪያው ነው» ብሎ መወራረድ ያስቸግራል።

ከቴዎድሮስ አደባባይ፦

«ምትሐት» ለምን አይሆንም? የተዘጋጀ ቃል አለን እኮ። ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድ ደቀ መዛሙርቱ «ምትሀት ነው» ብለው ታወኩ ይላል ማቴዎስ። ያለ መስሎ የሌለ ነገር ማለት ነው።

ከአራት ኪሎ፦

ወንድሜ፣ «ምትሐት» ለፈረንሳዊው ፈላስፋ ለዴካርት ነው የሚመቸው። እሱ በ1641 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥራው አንድ ብርቱ አታላይ መንፈስ ቢያታልለኝስ ብሎ ጠየቀ። እዚያ አታላይ አለ፤ የሌለውን አለ የሚያሰኝ። የቦስትሮም ክርክር ግን አታላይ አያስፈልገውም። ማንም ሊያታልለን ባያስብም ክርክሩ ይቆማል።

ደግሞ የእናንተ ሰፈር ለዚህ ጥሩ ትምህርት አለው። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ሕዝቡ ማሳያውን «ሰይጣን ቤት» ነው ያለው። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አይቶ ሌላ ምን ይበል? ስሙ የሰውን ድንጋጤ በደንብ ይነግረናል። ስለ ፊልም ግን ምንም አይነግረንም። «ምትሐት» ካልን እኛም ያንኑ እንደግማለን።

ከካዛንቺስ፦

«ሐሳዊ ዓለም» የሚል ትርጉም አይቻለሁ። ትክክል ነው?

ከአራት ኪሎ፦

አይመስለኝም። «ሐሳዊ» ከሐሰት ዘር ነው፤ «ሐሳዊ መሲሕ» እንደምንለው። ብዙ ሰው ከ«ሐሳባዊ» ጋር ያምታታዋል። ዘራቸው ለየቅል ነው። «ምናባዊ» የሚለው ደግሞ ዓይን ላይ ለሚጠለቀው የኮምፒውተር መነጽርና ለጨዋታው ይሁን፤ ምናብ ያለው ሰው ከምናቡ ውጪ ቆሟል። እዚህ ጥያቄው ውጪ የቆመ ሰው መኖሩ ነው።

ከቦሌ መንገድ፦

በአጭሩ ልግባ። አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው በረራ የሚለማመዱበት ማሽን ውስጥ ሲገቡ «ሲሙሌተር ገባሁ» ነው የሚሉት። ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ውስጥ አውሮፕላኑ አይበርም፣ ላቡ ግን ላብ ነው። የተሳሳተ ሰው ተሳስቷል፤ ይገመገምበታል። «ውሸት» የሚለውን ቃል የሚያስቀር ምሳሌ ይመስለኛል።

ከአምስት ኪሎ፦

እኔ የምሠራው ከብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ነው። ምሳ ሰዓት አንዳንዴ ገብቼ ድንቅነሽን አያለሁ። መስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ዋናው አጥንት አይደለም። ዋናው በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። የሚታየው በዋናው ልክ የተሠራ ነው። የመንጋጋው ጥርስ፣ የጎድን አጥንቱ ስብራት፣ ሁሉም በቦታው። አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጇ «ይቺ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው» ስትል ሰማሁ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚያየው የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ የሚያውቀው ግን ድንቅነሽን ነው። እናትየው ዋሸች የሚል ይኖራል?

ለዚህ ያለን ቃል «አምሳያ» ነው። አምሳያ ሐሰት አይደለም፤ የሌላውን ልክ የያዘ ነው። ቦስትሮም ያሰበው ደግሞ በትክክል ይህን ነው፦ ኋላ የሚመጡት የቀደሙትን ሕይወት መልሰው ሲሠሩ። ልጆች የአያቶቻቸውን አምሳያ ሲሠሩ። ሙዚየሙ ውስጥ የተደረገው እኮ በአጥንት ያ ነው። እኔ «አምሳያ ዓለም» እላለሁ።

ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስም ወደዚህ ያደላል። በተሠራ ዓለም ውስጥ ብንኖር እንኳ ጠረጴዛው ጠረጴዛ ነው ይላል፤ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው ተሳስተን የነበረው።

ከሜክሲኮ፦

«አምሳያ» ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ያስቸግረኛል። አምሳያ ካለ ዋና አለ። አንድ ሰው ማንንም ያልመሰለ፣ ከዜሮ የፈለሰፈው ዓለም ቢሆንስ? እኔ ብሆን ከአሠራሩ እነሣለሁ። «ባሕረ ሐሳብ» ስንል «ሐሳብ» ቁጥር፣ ስሌት ማለት ነው። በግእዝ «ሐሰበ» አሰበም ቆጠረም ነው። «ሐሳባዊ ዓለም» በጥንቱ ፍቺ ቢሰማ ኖሮ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ዛሬ ግን ማንም እንደዚያ አይሰማውም። ስለዚህ «ስሌት ወለድ ዓለም» ቢባልስ?

ከራስ መኮንን ድልድይ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ምስሉ ስታወሩ «እውን»ን ረሳችሁት። እውን ማለት በመጀመሪያ ንቁ መሆን ነው። «በሕልሜ ነው በውኔ?» እንላለን። የሕልም ተቃራኒው እውነት አይደለም፤ እውን ነው። ባለፈው ዶሮ ማነቂያ በነበረበት በኩል ሳልፍ ቆሜ ቀረሁ። ሥጋ ቤቶቹ የሉም። ያ ጠባብ መንገድ የለም። ከዘራዬን መሬት ላይ አስደግፌ «በውኔ ነው?» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ሐሰት ነው አላልኩም። ነቅቼ ነው ወይ ነው ያልኩት። የልጁ ጥያቄም ይቺው ትመስለኛለች። ለሴትዮዋ በዚህ በኩል ብትገቡላት ወዲያው ይገባታል።

ከአምስት ኪሎ፦

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት ለጥያቄው ነው፤ «አምሳያ» ለመልሱ ይሁን። የሜክሲኮው ወንድሜ «ስሌት ወለድ»ም ለመጽሐፍ ይመቻል፤ ለቡና ግን ይከብዳል።

ጠያቂዋ፣ ከፒያሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አክስቴ ሽሮ ስትነፋ አገኘኋት። አባባ እንዳሉት ጀመርኩ። «አክስቴ፣ ሁላችንም በውናችን ነን ብለን ሳለ ባንሆንስ ነው ያለው» አልኳት። ወንፊቱን አቆመች። ቀጥዬ «ይቺ ዓለም የሌላ ዓለም አምሳያ ብትሆንስ፣ ኋላ የሚመጡ ሰዎች በኮምፒውተር የሠሯት» አልኩ።

ትንሽ ዝም አለች።

«የማን አምሳያ?» አለችኝ። «ያቺኛዋስ ብትሆን የማን ናት?»

ወንድሜን ከጓዳ ጠራሁት። አሁንም እያወሩ ነው።