የዳታቤዝ ፕሮግራመር አመልካቾችን በምን ዓይነት ፈተና ልለይ?

የምሠራበት ድርጅት የዕቃ ክምችቱንና የሽያጭ መረጃውን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ስለሚይዝ፣ በዚሁ ላይ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖችን የሚጽፍ ፕሮግራመር ሊቀጥር ነው፤ አመልካቾችን የመመዘኑ ኃላፊነትም ለእኔ ተሰጥቷል።

በመጀመሪያ ስለ ኖርማላይዜሽን (መረጃ እንዳይደጋገም ሠንጠረዦችን ስለማደራጀት) እና ስለ ጆይን (ሠንጠረዦችን የማገናኛ) ዓይነቶች የሚጠይቅ የጽሑፍ ፈተና ሰጠሁ፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በጥሩ ውጤት አለፉት። ይሁን እንጂ ምንም ያልገዙ ደንበኞችን በ«ኖት ኢን» (በዝርዝር ውስጥ የሌሉትን በሚመርጠው ቃል) የሚፈልግ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ) አሳይቼ፣ በውስጠኛው ኩዌሪ ውጤት ውስጥ አንድ «ነል» (ያልተሞላ ዋጋ) ቢገኝ ምን እንደሚሆን ስጠይቅ፣ አንድም ረድፍ እንደማይመለስ የነገሩኝ ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ሠራተኞች የአንድን ዕቃ ቀሪ መጠን እኩል አንብበው፣ እያንዳንዳቸው የሸጡትን ቀንሰው አዲሱን ቁጥር ቢመዘግቡ የአንደኛው ሽያጭ ከቀሪው ላይ ሳይቀነስ እንደሚቀርማ አብዛኞቹ አላስተዋሉም።

ቀጥሎ ቤት ወስደው የሚሠሩት ፈተና ብሰጥም፣ የመጡት መልሶች እጅግ ስለተመሳሰሉ የማን ሥራ እንደሆኑ መለየት አልተቻለም። ፊት ለፊት ቆሞ ኮድ ማስጻፍ ደግሞ፣ በእኔ እይታ፣ ከችሎታ ይልቅ ድፍረትን ይመዝናል። አሁን የማስበው ቀርፋፋ ኩዌሪ ከነ«ኤክስፕሌይን አናላይዝ» (ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደፈጸመና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤቱ ሰጥቶ ምክንያቱን ማስፈለግ ነው፤ ነገር ግን «ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ጨምር» የሚለውን መልስ በቃሉ የያዘም ሊያልፈው ይችላል ብዬ እሰጋለሁ።

ለአንድ አመልካች አንድ ሰዓት ተኩልና በሐሰተኛ መረጃ የተሞላ የሙከራ ዳታቤዝ ቢኖራችሁ፣ በሥራ ላይ የተፈተነውን ፕሮግራመር ጥያቄና መልስ ሸምድዶ ከመጣው ለመለየት ምን ዓይነት ተግባራዊ ፈተና ትሰጡ ነበር?