ጥቆማ፦ የ1500 ቮልስ ሞተር ቤት ውስጥ ለሚያድስ ጀማሪ የቱ ቶርኖ ቤት፣ የቱ ሲሊንደር፣ የቱ ካርቡራተር?

ሰማያዊዋ ቮልስ
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጅ የ1968 ቮልስ እያደስኩ ነው፤ ሞተሯ 1500 ነው። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ለሁለት ተከፍሏል፣ ቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ወርደዋል፣ ብሎንና ዳዶው በየፌስታሉ ስሙ ተጽፎበት ተቀምጧል። ከዚህ በፊት ሞተር ከፍቼ አላውቅም።
ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሞኖብሎኩን፣ ክራንክ ሻፍቱንና ቴስታታዎቹን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ብቻ ለሚሠራ ቶርኖ ቤት ልስጥ (ወረፋው ረጅም ነው)፣ ወይስ ከጭነት መኪና ጀምሮ ሁሉንም ለሚሠራውና ቶሎ ለሚያስረክበው? የድሮዎቹን 83 ሚሜ ሲሊንደሮች ላስፋ ወይስ አዲስ 85.5 ወይም 87 ልግዛ? ሶሌክስ 30 ፒክት ካርቡራተሬን ላሳድስ ወይስ አዲስ ልቀይር? መኪናዋን የምፈልጋት ለዘወትር መንጃ ነው። ለእህታችሁ የምታውቁትን ጠቁሙ።

ቢዬላ
የሲሊንደሩን እኔ ልመልስልሽ። 85.5 ግዢ። የ1500 እና የ1600 ሲሊንደር ሞኖብሎኩም ቴስታታውም ላይ የሚቀመጥበት ስፋት አንድ ነው፣ ምንም ሳታስቆርጪ ይገባል። በ69 ሚሜ ስትሮክ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት) 1584 ሲሲ ታገኛለሽ። 87ም ሳይቆረጥ ይገባል፣ 1641 ሲሲ ይሰጣል፤ ግን ውጪው ሳይሰፋ ውስጡ ስለሰፋ ግድግዳው ሳስቷል። የሳሳ ግድግዳ ሲሞቅ ክብነቱን ያጣል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። ለ57 ሲሲ ብለሽ ይህን አትግቢበት። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ 90.5 አለ፣ 1776 ይሆናል፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። እሱ ግን ሞኖብሎኩንም ቴስታታውንም ማስቆረጥ ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ሞተር አልመክርም።
የድሮውን ማስፋትስ? አዲሱ ሲሊንደር ከነፒስተኑ፣ ከነፋሻውና ከነፒኑ ተመዝኖ ነው የሚመጣው። አራት አሮጌ ሲሊንደር አስፍቶ ልክ የሚሆን ፒስተን ከመፈለግ አዲሱ ይቀላል። ብቻ አዲስ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ አትግጠሚ። አራቱንም ፒስተን በሚዛን አስቀምጪ፣ የፋሻውን ጫፍ ክፍተትም ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተሽ በፊለር ጌጅ ለኪ።

የድሮ ሾፌር
ልጄ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ብቻ ወደሚሠራው ሂጂ፣ ሌላ አታስቢ። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ነው የማሠራው። ከዚያ ቤት የወጣ ሞተር ድምፁ ራሱ ይለያል፣ አንድ ጠብታ ዘይትም አያንጠባጥብም። ወረፋው የረዘመው ሰው ስለሚያውቃቸው ነው።

የተላጠ ብሮንዚና
የትም ስጪ፣ ግን «እጠቡልኝ» ብቻ ብለሽ አትስጪ። በአየር የሚቀዘቅዝ እናውቃለን የሚል ቤት ሞኖብሎኬን በአሸዋ ነፍቶ እንደ አዲስ አብረቅርቆ መለሰልኝ። 400 ኪሎሜትር ሳይሞላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የዘይት መብራቱ ብልጭ ማለት ጀመረ። ሲከፈት ብሮንዚናዎቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረባቸው፣ ለስላሳው ሽፋን ውስጥ ደግሞ የተቀበሩ የአሸዋ ቅንጣቶች። ክራንክ ሻፍቱም አብሮ ተፋቀ።
ምክንያቱ ይኸውልሽ። የዘይት መተላለፊያዎቹ በፋብሪካ ከተበሱ በኋላ ጫፋቸው በአሉሚኒየም ውታፍ ተመትቶ ተደፍኗል። አሸዋው በብሮንዚና ማረፊያው ቀዳዳ ይገባና ከውታፉ ጥግ ይጠራቀማል። በነዳጅም በአየርም ብታጥቢው አይወጣም። ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲገፋው ያኔ ይወጣል።

የድሮ ሾፌር
የኔዎቹ እንዲህ አያደርጉም። የሰጠኸው ሌላ ቤት ይሆናል።

ማርሽ 4
አባታችን፣ ቤቱን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ የብሮንዚና ማረፊያ መለካት ሌላ ነገር ነው። ድምፁ ይለያል አሉ። ስንት ሚሜ ለኩ? ውታፉን አውጥተው ነው ያጠቡት ወይስ ሳያወጡ? ይህን የማይመልስ ጥቆማ ለጀማሪ ጉዳት ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ለየትኛው ሥራ የትኛው ቤት እንደሚሻል ነው።

የድሮ ሾፌር
እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። ሞተሬ ይሠራል።

ቶርክ ሬንች
ሥራውን ለሦስት ከፋፍለን እንየው፤ ሦስቱን አንድ ቤት የግድ አይሠራቸውም።
ክራንክ ሻፍቱን ማንኛውም ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። የቢዬላውም (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዘው ዘንግ)፣ ከ1 እስከ 3 ያሉት የዋና ብሮንዚናዎቹም አንገት 55 ሚሜ ነው፣ 4ኛው 40። ከተበላ 0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ሚሜ አሳንሶ ይፈጨዋል። የስንጥቅ ምርመራ ከመፈጨቱ በፊት ይደረግ፤ ለተሰነጠቀ ክራንክ ሻፍት የመፍጫ ገንዘብ አይከፈልም።
ቴስታታውም እንደዚያው፣ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይበቃዋል። በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቭ መቀመጫው መካከል ስንጥቅ ይፈለግ። የጭስ ማስወጫ ቫልቮቹን ግን ደህና ቢመስሉም አዲስ አድርጊ። ከአራቱ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የ3ኛው ነው፤ በዚህ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደ 3 የሚሄደውን አየር ይጋርደዋል። ጭንቅላቱ የተበጠሰ ቫልቭ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ነው የሚሄደው።
ሞኖብሎኩ ነው የሚለየው። ማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ የመካከሉ የብሮንዚና ማረፊያ፣ ማለትም ቁጥር 2፣ እየተመታ ይሰፋል። ያን ለማስተካከል ሁለቱ ግማሾች ታስረው አራቱም ማረፊያ በአንድ መስመር ይቆረጣል፣ ከዚያ ውጪው 0.5 ሚሜ የወፈረ ብሮንዚና ይገባል። መሣሪያው የሌለው ቤት «ይሄማ ደህና ነው» ብሎ ይመልስልሻል። ስለዚህ የትኛውንም ቤት የመጀመሪያ ጥያቄሽ «የቮልስ ሞኖብሎክ በመስመር የምትቆርጡበት መሣሪያ አላችሁ?» ይሁን። ሁለተኛው «የአራቱን ማረፊያ ልኬት በወረቀት ጽፋችሁ ትሰጡኛላችሁ?» ነው።
የቴስታታ ማሰሪያ ስታዶቹ ያንቺ 10 ሚሜ ናቸው። ጥርሱ ከማግኒዚየሙ ተነቅሎ የሚወጣ ካለ ሁሉም ላይ የብረት ቡሽ ይግባ። ስትገጥሚ 31 ኒውተን ሜትር ነው፣ በቅደም ተከተሉ ሁለት ሦስት ዙር ከፍ እያደረግሽ። አይበቃም ብለሽ አንድ ግፊት አትጨምሪ፣ ስታዱ የሚነቀለው ያኔ ነው።

የተላጠ ብሮንዚና
ትክክል ነው። ውታፉ ግን ይውጣ።

ቶርክ ሬንች
ይውጣ። በትንሽ መሰርሰሪያ መሃሉ ይበሳል፣ ብሎን ገብቶበት ይሳባል። ከዚያ ጥርስ ይወጣለትና በብሎን ይዘጋል። ብሎኑ ሲረዝም የጎኑን የዘይት ቀዳዳ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት በሽቦ ጥልቀቱ ይለካ። እጥበቱ የጠመንጃ ማጽጃ በመሰለ ረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነው፤ ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። ወዲያው በአየር አድርቀሽ ዘይት ቀቢው፣ ማግኒዚየም እርጥበት አይወድም። ዝገት ማስለቀቂያ አሲድ አታስነኪው። ቴስታታና ፒስተን ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አይግቡ፣ አሉሚኒየም ይበላል። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ እሳት ከያዘው ውሃ አይደፋበትም፣ ይብሳል። ስትሠሪ ደረቅ አሸዋ አጠገብሽ ይኑር።

ነጭ ፓራፋንጎ
እኔም 1500 ነው ያለኝ። ዘይት 30 ይሻላል ወይስ 20ደብልዩ50?

ቢዬላ
እሷ ስለ ዘይት አልጠየቀችም፣ ግን ልመልስልህ። ሞቃት አገር ሁለቱም ይሠራሉ፣ ዋናው መጠኑና ጊዜው ነው። 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከወንፊት በቀር ፊልተር የለውም፣ ስለዚህ በ5000 ኪሎሜትር ይቀየራል። አዲስ ካምሻፍት ከገባ ደግሞ ዚንክ ያለበት ዘይት ይፈለግ፤ ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ ሳይተው 2000 ዙር ላይ ለ20 ደቂቃ ይያዝ። የካምሻፍቱ ጫፎች የሚበሉት በነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ላሜራ
ሞተሩ ይቆይና ቦዲው እንዴት ነው? በሮቹ ሥር ያሉት የሙቀት ቦዮች ከዛጉ መኪናዋን የሚሸከማት ነገር የለም። ብዙ ሰው ስቱኮ ለጥፎ ቀለም ይቀባበታል፤ በስድስት ወር ያብጣል። በትክክል ስትቀይሪ፣ ከመቁረጥሽ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ቱቦ በማዕዘን በየዳ ደግፊ። ካልደገፍሽ ቦዲው ይታጠፍና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። የኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለልም እዪ፣ አሲድ የሚበላው እሱን ነው።

ፑንቲና
ስለ ካርቡራተሩ የመለሰ የለም። 30 ፒክቱን አሳድሺ። የገበያው አዲስ ኮፒ ጅግሌሩ (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ልክ ላይሆን ይችላል፣ ያንቺው ደግሞ ለዚህ ሞተር የተመጠነ ነው። የሚያረጀው የጋዝ ቢራቢሮው ዘንግ ነው፤ በእጅሽ ይዘሽ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቂው ከተንቀጫቀጨ በዚያ አየር ይስባል፣ ሚኒሞ አይይዝም፣ ሰው ደግሞ ጅግሌር ሲቀያይር ይውላል። ቶርኖ ቤት የነሐስ ቡሽ ያስገባልሻል፣ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጓርኒሲዮኑን፣ የተንሳፋፊውን መርፌና ዲያፍራሙን ቀይሪ፣ ያ ብቻ።
አሁን የምነግርሽን ግን አትዝለዪው። ቤንዚን የሚገባበት ትንሽ የነሐስ ቱቦ ካርቡራተሩ ላይ የገባው ተመትቶ ነው፣ በብሎን አልታሰረም። በጣቶችሽ ስታዞሪው ከዞረ አንድ ቀን እየሄድሽ ይወልቅና ቤንዚኑ ዲስትሪቢተሩ ላይ ይረጫል። ቮልስ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ጥርስ ወጥቶለት በብሎን የሚታሰር ይደረግ። የነዳጅ ጎማዎቹን በሙሉ ቀይሪ፣ በሁለቱም ጫፍ ማሰሪያ ይኑር፣ የፕላስቲክ ፊልተር ሞተሩ ክፍል ውስጥ አታስቀምጪ።

ነጭ ፓራፋንጎ
ፑንቲናውን (ዲስትሪቢተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚያስነሳውን መገናኛ) ኤሌክትሮኒክ ላድርገው?

ፑንቲና
ይቻላል፣ ጥሩ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተህ ከተውከው ግን ብዙዎቹ ይቃጠላሉ፣ መንገድ ላይም አይጠገንም። አንድ ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ መኪናው ውስጥ ይኑርህ። ክፍተቱ 0.4 ሚሜ ነው።

ሰማያዊዋ ቮልስ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የነሐስ ቱቦው በጣቴ ዞሯል፣ ይህን ባላነብ ኖሮ እንዳለ ነበር የምገጥመው። ሞኖብሎኩ ከነልኬቱ ተመልሷል፣ ክራንክ ሻፍቱ ገብቶ ታስሯል። አሁን የክራንክ ሻፍቱ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ ላይ ነኝ። ቮላኖውን (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ዲስክ) በሁለት ሺም (ስስ ቀለበት) ገጥሜ ዳያል ጌጁን አስቀመጥኩ፣ 0.44 ሚሜ ይላል። ሦስተኛው ሺም ስንት ይሁን?

ቶርክ ሬንች
የቮላኖው የዘይት ማኅተም ሳይገባ ነው የለካሽው አይደል? ማኅተሙ ካለ ይይዘዋልና ልኬቱ ይዋሻል። ካልገባ፣ ካነበብሽው ላይ 0.10 ቀንሺ፤ 0.34 ይሆናል። ሺሞቹ በ0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34 እና 0.36 ስለሚገኙ ልክሽ አለ። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፣ ከሦስት አይበልጡም አያንሱም። ሦስቱም ገብተው እንደገና ለኪ፣ ከ0.07 እስከ 0.13 መሆን አለበት። ከዚያ ማኅተሙን አስገቢና 36 ሚሜ ዳዶውን 300 ኒውተን ሜትር አድርሺው። ረጅም ክንድና ቮላኖውን የሚይዝ ብረት ያስፈልጋል፣ በመዶሻ እየመታሽ አታጥብቂ።

የድሮ ሾፌር
ለመሆኑ ልጄ፣ ሞኖብሎኩን የት አስቆረጥሽው?

ሰማያዊዋ ቮልስ
ማኅተሙ አልገባም ነበር። 0.34 አስገብቼ ለካሁ፣ 0.10 ሆነ። ቮላኖውን የሚይዘው ብረት ከየትኛው ብሎን ጋር ነው የሚታሰረው?