የዓሣ ጫጩት ዝውውር፦ ሦስተኛው ነጥብ ይስተካከል

የዳንግላ አባል፦
ለዓሣ አርቢ አባላት የተዘጋጀውን የደንብ ረቂቅ አየሁት። ሦስተኛው ነጥብ «ዓሣው ላይ እብጠት ከታየ ውሃው ይመርመር» ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ጫጩት ከኩሬ ወደ ኩሬ ስለማዘዋወር አንድም ነገር አልተነሳም።

የባሕር ዛጎሎችን ነገር ላንሳ። ክላም የሚባለው ዛጎል ደም ካንሰር የመሰለ በሽታ ይይዘዋል። ብክለትም ቫይረስም ሲጠረጠር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የካንሰሩ ሕዋስ ዘረመል ሲመረመር ከታመመው እንስሳ ከራሱ ዘረመል ጋር አልገጠመም። ከኒው ዮርክ እስከ ካናዳ ጠረፍ የታመሙት ሁሉ የተሸከሙት ከአንድ ክላም የተነሳ ሕዋስ ነበር። ሕዋሱ ራሱ ነው የሚተላለፈው! በኋላ መስል በሚባለው ዛጎልም ተገኘ፤ አንዱ ዓይነት አውሮፓም ደቡብ አሜሪካም አለ። ተመራማሪዎቹ በመርከብ ተጓጉዞ ይሆናል ይላሉ። በሽታን ሰው ሳያውቅ ያጓጉዛል ማለት ነው።

የመራዊ አባል፦
ጋሼ፣ የኛ ቀረሶ እኮ ዛጎል አይደለም። «ካንሰር» የሚል ወረቀት ገበያ ከደረሰ በጾም ማን ይገዛናል?

የዳንግላ አባል፦
እውነትህን ነው ወንድሜ፤ ቃሉ ረቂቁ ውስጥ አይግባ። ቀረሶ ላይ እንዲህ ያለ ተላላፊ ካንሰር ተገኘ ሲባል አልሰማሁም። የዛጎሎቹም ቢሆን ሰው ላይ ሲተላለፍ አልታየም። እኛ የምናየው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ትል ነው። ከቆዳው ሥር ያለውን ቢጫ ከረጢት በምላጭ ስትከፍተው ትሉ እየተላወሰ ይወጣል። ክሊኖስቶመም ይባላል። ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፣ ወደ ዓሣ ይገባል፣ ዓሣውን የበላው ወፍ ደግሞ እንቁላሉን መልሶ ውሃው ላይ ይጥላል። ውሃ ብቻ ብናስመረምር ይሄን አናገኘውም። እብጠቱ መከፈት አለበት።

የፍኖተ ሰላም አባል፦
እኔም የጨነቀኝ ይሄው ነው። ጫጩቱን በጄሪካን ከነውሃው እናመጣለን፤ ከነውሃው ኩሬ ውስጥ እንገለብጣለን። ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ጄሪካኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይቻለሁ። ጫጩቱ በወንፊት ይነሳ፣ ውሃው ከኩሬው ርቆ ይደፋ። ወጪ የለውም። አዲስ የመጣ ጫጩት ለብቻው የሚቆይበት ኩሬ ግን ለየቤታችን አይቻልም፤ በጋራ አንድ እንቆፍር።

የዳንግላ አባል፦
ተባረኪ እህቴ። እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይሁን፦ «አባል ጫጩት ሲያመጣ ከየት እንዳመጣ ይመዘግባል፤ የመጣበትን ውሃ ኩሬ ውስጥ አይጨምርም። እብጠት ያለበት ዓሣ ተከፍቶ ይታያል፤ ትል ካልተገኘበት ናሙናው ወደ ባለሙያ ይላካል።» የጋራ ኩሬው አራተኛ ነጥብ ይሁን። መሬት የሚሰጥ አባል ካለ እዚሁ ይጻፍልን።

የመራዊ አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። ከመስኖው ቦይ በታች ባዶ ጥግ አለኝ፤ መጥታችሁ እዩት።